ፋይል ቁጥር አርባ አንድ

«እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» አለችኝ ዙልሚራ፣
«ካፒቴኑ ጋ ሂጂ፤ ታሪክ እሱ ያውራ።
ሜዳሊያ አለው፣ ጢም አለው፣ ግድግዳ ሙሉ ፎቶ አለው፤
እኔ ዕድሜ ልኬን ያየሁት የሰርዲን ዐይን ነው።»

መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ፣
በመድኃኒቷና በግማሽ ሎሚ መሀል አኖርኩት።
ቀይዋ መብራት ስትበራ ፀጉሯን አስተካከለች፣
ፎቶ የማነሳት መስሏት።

ስሟን ስጠይቃት ከነአያቷ ነገረችኝ፣
ፖሊስ ጣቢያ እንደቀረበ ሰው።
የልደት ቀኗን ግን ሁለት አድርጋ ሰጠችኝ፤
አንዱ የመዝገቡ፣ አንዱ የእናቷ ነው።
«የቱን ልጻፍ?»
«የተማርሽው አንቺ፤ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!»

በአሥራ አንድ ዓመቷ ገባች፤
ገበታው ከአገጯ በላይ ነበርና ሣጥን ላይ ቆማ።
ራስ መቁረጥ፣ ሆድ መጥረግ፣ መደርደር፤
ጨው የበላው ጣት፣
እሑድ ጭፈራ ላይ ወንድ የሚሸሸው እጅ።
ዓሣ ከሌለ ደሞዝ የለ፣
ዓሣ ከመጣ እንቅልፍ የለ።
ሌሊት ጀልባ ሲገባ ፋብሪካው ይጮሃል፤
ሴቱባል ውስጥ ፋብሪካው ብዙ፣ ጡሩንባው ብዙ፣
ሴቶቹ ግን የየራሳቸውን በእንቅልፍ ልብ ይለዩታል፣
እናት ከመንደር ሕፃን ሁሉ የልጇን ለቅሶ እንደምትለይ።

«የእናንተስ እንዴት ነበር?» አልኳት፤
ከወረቀቴ ላይ የሌለ ጥያቄ።
ውሃ ጠጣች። ጥርሷን አወለቀች፣
መሀረብ ላይ አኖረች።
ጮኸች።

የሰማንያ ስድስት ዓመት ሳንባ
ይህን ደብቆ ተቀምጧል ብሎ ማን ይገምታል!
ከወለሉ ተነሣ፣ ወፈረ፣ ወጣ፣
ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ተንቀጠቀጠ፤
የድምፅ መለኪያው ቀይ ገብቶ ቀረ፣
ድመቷ ከአልጋ ሥር።

ዝም ስትል
ከመንገዱ ማዶ አንድ በር ተከፈተ።
ኤርሜሊንዳ።
ከገና ወዲህ ደጅ ያልወጣች፣
የልጇን ስም የረሳች፣
ሾርባ በማንኪያ የሚያጎርሷት ኤርሜሊንዳ፣
በሌሊት ልብሷ ላይ ሽርጥ አስራ፣
ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣
በጠራራ ፀሐይ እየተጣደፈች፤
«ዙልሚራ! ስንት ጀልባ ነው?»

ዙልሚራ እኔን አላየችኝም።
በድዷ፣ ቀስ ብላ፣
«ሁለት ነው፣» አለቻት፣ «ሁለቱም ሙሉ።
ጫማሽን አድርጊ፤ እንደርሳለን።»

ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት
ድምፁን ወደ ጽሑፍ ልገለብጥ ተቀመጥኩ።
መመሪያው ግልጽ ነው፤ ሳቅ «ሳቅ» ተብሎ ይጻፍ፣
ሳል ይታለፍ፣
ከአምስት ሰከንድ ያለፈ ዝምታ «ዝምታ» ይባል።
ስለ ጡሩንባ የሚል የለም።
«ኡኡኡ» ብዬ ጻፍኩ፤ የድረሱልኝ መሰለ፣ ሰረዝኩት።
«እምቧ» አልኩ፤ ከብት ሆነ፣ ሰረዝኩት።
በመጨረሻ ቦታውን ባዶ ትቼ
ሰዓቱን ብቻ አኖርኩ፤ አርባ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት።

ሌላም ደንብ አለ፤
ያልፈረመ ሰው ድምፅ ይቆረጣል።
ኤርሜሊንዳ ደግሞ እንኳን ፊርማ፣
ብዕር ለምን እንደሚያዝ ረስታለች።
መቁረጫው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።
አነሣሁ። መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ልጇ መጣች፣
ቅጹን በእናቷ ስም ልትፈርም።
ተቆጥታለች፤ እውነቷን ነው።
«ፋብሪካው እኮ ሆቴል ሆኗል፣
በሩ ላይ እስከ ማታ ቆመች፣ እግሯ አብጦ አመጣናት።
ሁለተኛ እንዳታስጮሁብን።»
ፈረመች። ቦርሳዋን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ግን፣» አለች፣
«ያን ቀን ማታ ሎሚ ጠየቀችኝ።
በስሙ ጠርታ፣ ሎሚ!
ሰጠኋት፤ አልበላችውም።
ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸችበት፣
ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፣
ደግማ አሸች።
ምንድን ነው እሱ? ነግራኝ አታውቅም።»

የጆሮ ማዳመጫውን አቀበልኳት።
ወደ ኋላ መለስኩት፣
ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ።