የቆምኩበት ልክ

ቺሎዌ ደሴት ነው፤ ዝናቡ አይጠግብ፣
ከሰኞ እስከ ሰኞ ጣሪያ ላይ ሲያነብብ።
ባሕሩ በቀን ሁለቴ ደጃችን ይመጣል፣
ሁለቴም ጨክኖ ትቶን ይመለሳል፤
በእንጨት እግር ቤታችን በአየር ላይ ይቀራል፣
የአጎቴም ጀልባ ጭቃ ላይ በጎኑ ይተኛል።

ዶኛ ኤዱቪና ይህን ታውቃለች፤
ጠመኔዋን ይዛ ማዕበል ሣለች።
«ሰዓቱ ዶሜን ነው፣ የሚገባው በበር፤
የውኃው ከፍታ ሬንጅ ነው፣ የሚወጣው ነገር፤
ከጭቃው ተነሥቶ እስከ ወለላችን ሥር፤
ከዚያ በላይ ከወጣ...» አለችና ዝም አለች፣
እናቷ የነገረቻትን ውኃ አስታወሰች፤
«ከሬንጅ ውጪ ነው» ብላ ሰሌዳውን ጠረገች።
ሮሳሜል እጁን አወጣ፦ «ሃያ አምስተኛው ሰዓትስ?»
«እሱ የነገ ነው፤ በዛሬ ደጅ አይደርስ።»

እኔ ግን አልገባኝም።
ቁጥር እንደ እንግዳ ከበር ለምን ይመለሳል?
ከካሬ ሥር ውስጥ ኔጌቲቭ ለምን ይከለከላል?
በዜሮ ማካፈል ስንት ዓመት ያሳስራል?
«ሞክሪው» አለችኝ። ሞከርኩት።
ካልኩሌተሩ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ
«ስሕተት» ብሎ ዘጋኝ።

ሐሙስ ዝናቡ ሲያርፍ ውጡ ተባልን።
ፕሮትራክተር ላይ መምጠጫ ቱቦ አሰርን፣
ክር አንጠለጠልን፣ በክሩም ጫፍ ላይ
ከአጎቴ መረብ የሰረቅኩትን እርሳስ።
«የደወሉን ማማ ሳትወጡበት ለኩ።»
ማማው ጫፍ ላይ ያለው አባቴ ነው፣ ኖልቤርቶ፣
ገመድ በወገቡ፣ አፉ ምስማር ሞልቶ፣
ስንጥር እንጨቱን እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርቦ ሲመታ፣
ሃያ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያየው በዝምታ።

ከማማው ሥር ሃያ ሜትር ርቄ ቆምኩ፣
ክሩ ሃምሳ አለ፤ ከዘጠና ቀነስኩ፤
አርባ ዲግሪ። የአርባ ታንጀንት
በሃያ ሲባዛ፦ አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት።

ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። ሳቀ።
ለካስ እሱ ከጫፉ ገመድ ለቅቆ ነበር፦
«አሥራ ስምንት ሜትር፣ ስንዝር ከሦስት ጣት» አለኝ
ሾርባውን እየነፋ። «ቀመርሽ አጭር ነው።»
ሌሊቱን አልተኛሁም። ታንጀንትን ጠረጠርኩ፣
ክሩንም፣ እርሳሱንም ጠረጠርኩ፣
አባቴንም ትንሽ።

ጠዋት ዶኛ ኤዱቪና ደብተሬን አላየችም፤
እኔን አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ዓይኔ።
«መሬት ላይ ተኝተሽ ነው የለካሽው?»
«ቆሜ።»
«ታዲያ መቆምሽ የት ገባ?»
ዓይኔ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ነው።
ማማውን ሁሉ አስልቼ
ራሴን ሳልደምር ቀርቼ።

ከዚያ ወደ ማማው ቀረብኩ፣ እርምጃ በእርምጃ።
ማዕዘኑ አደገ፤ ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ሰማንያ፤
ታንጀንቱ አበደ፤ ልክ ከሥሩ ስደርስ፣
አንገቴ ተቀልብሶ ዘጠና ላይ ስጨርስ፣
ካልኩሌተሩ፣ ያው ሽማግሌ፦ «ስሕተት»።
አባቴም አይታየኝም፤ መዶሻው ብቻ፣ ቋ፣ ቋ።
ለካ
እጅግ የቀረቡት አይለካም።

«ከላይ ስታየኝ ስንት ነበርኩ?» አልኩት።
«ትንሽ» አለ። «እርምጃ ስትቆጥሪ አየሁሽና
አንድ ምስማር ከአፌ ወደቀ።»
እኔ ወደ ላይ በአርባ፣ እሱ ወደ ታች በአርባ፤
የኔው የከፍታ ማዕዘን፣ የሱ የዝቅታ ይባላል፤
መስመሩ ግን ያው አንዱ ነው፣
ምስማሩም የወደቀው በሌላ መንገድ ነው።

በፈተና መጣ፦ «አንድ ሰው ከመብራት ማማ
ሠላሳ ሜትር ርቆ ቆሟል...»
መልሱን ሠራሁ። ከጎኑም ጻፍኩ፦
«ሰውየው ቁመቱ ስንት ነው?»
ዶኛ ኤዱቪና ማርክ አልጨመረችልኝም፣ አልቀነሰችብኝም፤
በቀይ እስክሪብቶ ከጥያቄዬ ሥር
አንድ ቃል ብቻ፦ «ልክ።»
ለመልሱ ይሁን ለሰውየው
እስካሁን አልጠየቅኳትም።