ከግንቡ ግርጌ

ዮርክን ከሚዞረው ግንብ ግርጌ ነው የኔ ቤት ያለው፣
የወጥ ቤት መስኮቴን አላፊ አግዳሚው ቁልቁል የሚያየው።
ሮማውያን መሠረት ጣሉ፣ ነገሥታት ካቡበት፣
እኔ ደግሞ ከጎኑ ገመድ ዘርግቼ ልብስ አሰጣሁበት።

ጠዋት የበሩ ብረት ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት
ኮቴ ይጀምራል ከራሴ በላይ፣ ሻዬን ሳልቀዳ በማለዳው ሰዓት።
ባለ ካሜራው፣ ባለ ካርታው፣ በትከሻው ልጅ ያዘለው፣
ቢጫ ዣንጥላ እንደ ሰንደቅ ሰቅሎ መንጋውን የሚያስከትለው፦
«በስተቀኝ ካቴድራሉ፣» ይላል፣ «በስተግራ የጥንቱ በር፣
የከሃዲ ራስ በጦር ተሰክቶ ይታይበት የነበር።»
ከበሩ ቀጥሎ የኔ ሙታንታ፣ በነፋስ ሲወጠር።
ስለሱ ግን ትንፍሽ አይልም፤ ታሪክ አይደለም መሰለኝ ያ ነገር።

ሰባ አንድ ዓመቴ። እዚሁ ተወልጄ ከማማው ጫፍ አልወጣሁም፤
የድሮ ባቡር የቆመበትን ያን ትልቅ አዳራሽ አላየሁም።
ለኔ ባቡር ማለት አባቴ ነው፣ ቅባቱ ከጥፍሩ የማይለቅ፣
እሁድም ቢሆን፣ ማዕድ ቀርቦ፣ ጣቱን ከእንግዳ የሚደብቅ።
ያን ጠባብ ጎዳና፣ ጣራ ከጣራ የሚሳሳምበትን፣
እናንተ ከረሜላና ማግኔት የምትሸምቱበትን፣
የማውቀው አክስቴ ኤድና ኩላሊት ግዢ ብላ ስትልከኝ፣
ሥጋ ሻጩ ከሜንጦው ሥር ደም የነካው ሳንቲም ሲመልስልኝ።

ባሌ ሄድሊ እንደኔ አልነበረም። ቲማቲሙን ሲያጠጣ
ቀና ብሎ እጁን ያውለበልባል፣ ለማንም፣ ከየትም ለመጣ።
«ተው እንጂ፣ ካጥር እንደታጎረ ዝንጀሮ አታስመስለን!»
«ሰላምታ እኮ ነው፣» ይለኛል፣ «ከጓዳችን ምን አጎደለን?»

አራት ዓመት ሆነው ከሞተ። መቃብሩ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ነው፤
በካርታችሁ ላይ የለም፤ በሰዓት አንዴ የሚመጣ አውቶቡስ ነው የሚያደርሰው።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ
ፎቶዎቻችሁ ትዝ አሉኝ።
በኦሳካ ይሁን በፖርቶ፣ ሄጄ በማላውቀው ከተማ፣
በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ፣ ከዳፎዲሉ፣ ከካቴድራሉ ማማ
ዝቅ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ሰውዬ፣ ውኃ ማጠጫ የያዘ፣
ቀኝ እጁ ከፍ እንዳለ፣ ፈገግ እንዳለ እዚያው የተያዘ።
«ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ አንዳንዱ ቆርጦ ጥሎት ይሆናል፤
ሁሉም ግን አይቆርጥም፤ ስንፍናችሁ ይባረክና፣ የሆነ ቦታ ተርፎልኛል።

ዛሬ ጉልበቴን እየለመንኩ ደረጃውን ወጣሁ።
ከላይ ሆኜ ወደ ታች፣ የገዛ ጓሮዬን አየሁ።
እንዴት ትንሽ ነው! ጣራው ሸብቷል፣ መስኮቱ መጥረጊያ ይሻል፣
የቲማቲሙ እንጨት ባዶውን ቆሟል፣ ልብሴ በገመዱ ላይ ይዋኛል።
ሁለት ወጣቶች፣ አዲስ ቀለበት ያሰሩ፣ ስልካቸውን ሰጡኝ፤
«እባክዎ፣ እማማ፣ አንድ ፎቶ፣» ብለው ጠየቁኝ።
ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። ካቴድራሉ አለ። አበባው አለ። ሰማዩም ጠርቷል።
«ትንሽ ወደ ግራ፣» አልኳቸው። «ትንሽ ደግሞ። ይበቃል።»
ጓሮዬ ገባ፣ በጥግ በኩል፣ እንጨቱ ጭምር።
«ቆንጆ ወጣ?» አሉኝ። አንድ ሰው ይጎድላል ልል ነበር።
«በጣም ቆንጆ፣» አልኩ።

መሸ። የግንቡ ጠባቂ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣና
«እርስዎስ ከየት አገር ነዎት?» አለኝ በትሕትና።
በጣቴ አሳየሁት። ሳቀ። አላመነኝም።
አልፈረድኩበትም።

ወርጄ አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ ካልሲውን አንድ ባንድ ስሰበስብ
ሙታንታዬን ተውኩት። ነፋስ አለ። ለነገዎቹ እንግዶች እሱ ያውለብልብ።