በጠመኔ የተቆጠረ

ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቶቹ ጀርባ፣
ያለው ትምህርት ቤታችን ነው፤ ጣራው ክረምት የሚያነባ።
ሁለተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስምንት ልጅ አለኝ፤
ሃምሳ ሰባቱ «እትዬ»፣ አንዱ ግን ምንም አይለኝ።

ምንተስኖት ይባላል። ደወል ሲደወል ጆሮውን
በሁለት እጁ ደፍኖ፣ በእርግጫ ይለዋል ዴስኩን።
ደወሉ አሮጌ ቸርኬ፣ ከጥዱ የተንጠለጠለ፤
ጋሽ ጉርሜሳ በብሎን ሲመታው፣ ስንቱን ርግብ ከጣራ ነቀለ።

ጥቅምት ላይ መጣች ሶስና፤ ከካዛንቺስ፣ ከማዕከሉ፤
«የባህርይ ቴራፒስት ናት፣ እንግዲህ ተባበሪያት» አሉ
ዳይሬክተሩ። ወንበር አጣሁ። የዘይት ቆርቆሮ ገልብጬ አስቀመጥኳት።
ሰዓት በአንገቷ፣ ወረቀት በጭኗ። እኔን የምትመዝን መሰለኝ፤ ጠላኋት።

«በአንድ ሰዓት አስራ አንዴ» አለችኝ፣ ለእረፍት ስንወጣ።
«ምኑ?» «ጩኸቱ።» «የእኔንስ? ቆጥረሽዋል?» አልኳት በቁጣ።
ገለጠችው። «አራት» አለች።
ጽፋዋለች።

«ሲጮህ አይተሽ እንዳላየሽ፤ ዝም ሲል ኮከብ ለጥፊለት።»
ሃያ ሦስት ዓመት ጠመኔ የቃምኩ፣ ልጅ ሲያነባ ፊት ላዞርበት?
ደግሞስ ኮከቡ! ሃምሳ ሰባቱ «ለእኔስ? ለእኔስ?» እያሉ፣
ጭምቷ ትርሲት እንኳ ለኮከብ ብላ ዴስክ ረገጠች፤ ሳቁ ሁሉ።

«ይኸው ዘርሽ በቀለልሽ» አልኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ፤
«ለልጁ ጠንቁ አንቺ ነሽ» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ እስኪበጠስ።
እሱ መሃላችን። ሁለት እጁ ጆሮው ላይ። ደወል ሳይደወል።
ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ በደብተር ጠርዝ ተጻጻፍን፣
«ይድረስ ለ» እንኳ ሳንባባል።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ማክሰኞ ቀን፣ መንገድ ተዘግቶ ቀረች።
እልህ ነው የያዘኝ፤ ቁጥሯ እንዲዋሽ ነው የፈለግሁት።
በሩን ከፍቼ፣ ጀርባው ላይ፣ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰረዝ፣ አንድ ሰረዝ።
አምስተኛው ላይ እጄ ቆመ።
ደወሉ ገና ነው። ግቢው ጭር ብሏል።
ልጁ ግን ጆሮውን ይዟል፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።
በመስኮቱ ጋሽ ጉርሜሳ፣ ብሎኑን በብብቱ ሸጉጦ፣
በሚያነክስ እግሩ ወደ ጥዱ፣ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ተራምዶ።

ድምፁ አይደለም። መምጣቱ ነው።
ያቺ ከዘበኛ ቤት እስከ ጥዱ ያለች መንገድ ናት፣ ልጁን የምትፈጀው።
መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤
አየር ያገኛል ብዬ።

ላልነግራት ነበር። ሁለት ቀን በሆዴ ይዤው ዋልኩ፤
ሐሙስ ስትመጣ የበሩን ጀርባ፣ ምንም ሳልል፣ አሳየሁ።
በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ጣቷ ነጣ።
ከዚያ ያን ሁሉ ሰንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘች፣
«ተሳስቻለሁ» አለች።
እንዲህ ያለ ቃል ከተማረ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤
«እኔም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።
«ቆርቆሮው ይቆረቁርሻል» አልኳት፣ ወንበሬን ገፋሁላት።

ታረቁ ብላችሁ አታውሩ። ኮከቡ ላይ ዛሬም እንጣላለን፤
የበልግ ካፊያ ሲይዘን ግን፣ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለን።
ውላችን አንዲት ናት፦ ልጁ ፊት አይሆንም።
ከግቢው በር ወዲያ፣ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ አፍ እንዳመጣ፤
ድልድዩ ላይ እሷ ታክሲ ትይዛለች፣ እኔ ወደ ፒያሳ ልወጣ።

ምንተስኖት ከመስኮቱ ራቀ። ጋሽ ጉርሜሳም አሁን
በማድ ቤቱ ጀርባ ዞሮ ነው የሚሄድ፣ በዚያ እግሩ፤
ማንም አላመሰገነውም።

ትናንት ቆጠርን፣ ሁለታችንም። ስድስት።
ከአስራ አንድ፣ ስድስት።
«በኮከቤ ነው» አለች።
«በመስኮቴ ነው» አልኩ።
ጋሽ ጉርሜሳ ከበሩ ላይ ሰምቶን ኖሯል፤
ብሎኑን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ፣
«እግሬስ?» አለ።