አትንኩት

ሁለት ወልዳ፣ ሁለት ቀብራ፣
በሦስተኛው እናቴ፣ ሞትን ሳትፈራ፣
ደጃፏ ላይ ቆመች፤
"አትንኩት!" አለች።
ስሜ ሆኖ ቀረ።
ሞት ሰምቶ አለፈኝ፣ መንገድ ቀየረ፤
አልሰማ ያለው ግን የገዛ እጄ ነበር፣
ከመስታወት ፊት ቆሞ አገጬን ሲቆፍር።

ቀበሌ ዐሥራ አራት፣
ከብስክሌት ጠጋኙ ጀርባ ነው የኛ ቤት።
ጠዋት ለትምህርት ስወጣ፣ በቆመ ባጃጅ መስታወት፣
ሳልፈልግ እንገናኛለን፣ እኔና ያ ፊት፦
ግንባሩን፣ ጉንጩን የሞላው ሽፍታ፣
ሌሊቱን ሲያብጥ አድሮ ጠዋት የሚመታ።
ሐምሌን የወደድኩት ያኔ ነው፤
ጣና ጎርፍ ጠጥቶ ሲደፈርስ፣ ውሃው
የማንንም መልክ አይመልስ፤
ዳሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እስኪመሽ ድረስ።

ለብጉር ሐኪም ያልሆነ የለም ባገሩ።
ጠጋኙ ገደፋው፦ "የጥርስ ሳሙና ቀባው፣ ይከስማል ባዳሩ።"
ያጎቴ ሚስት፦ "ሎሚ እሽበት፤ ለውዝ አትብላ።"
አንዱ ጠቅሶኝ ሳቀ፦ "በልብህ የደበቅካት ልጅ ነች፣ ፊትህ ላይ የምትፈላ።"
ሁሉን ሞከርኩት። ሳሙናው አቃጠለ፤
ሎሚው ከፀሐይ ጋር ተማክሮ ጥቁር ነጥብ ተከለ።
ፀጉር ሠሪዋ ይታይሽ አዝናልኝ
ክዳኑ ቀይ የሆነ፣ ስም የሌለው ቅባት ሰጠችኝ።
በሳምንቱ ጠራሁ። ሰው ሁሉ ደስ አለው።
በወሩ ቆዳዬ ሳስቶ ፀሐይ አቀላው፤
ቅባቱን ሳቆም
ብጉሩ ዘመዱን ጠርቶ ተመለሰ።

የመታወቂያ ፎቶ ዋዜማ፣ ሌሊቱን ስጨምቅ አድሬ፣
ነጋ፤ ጉንጬ እንደ ድንች አብጦ፣ ደም አዝሎ ጥፍሬ።
ፎቶው ቀረ። እናቴ እጄን ይዛ፣ ጤና ጣቢያ።

"ስም?" አለችኝ ሲስተር ትርንጎ።
"አትንኩት።"
ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች፦
"እንግዲህ የመድኃኒቱን እኩሌት
እናትህ ቀድማ ጽፋልሃለች።"

ደግሞ ሳቋን ትታ፦
"ቆሻሻ አይደለም። ኃጢአትም አይደለም።
በዚህ ዕድሜ ያላየው ጥቂት ነው፤ የሚያሳፍር የለም።
ጣናን እምቦጭ ሲዘጋው አይተሃል?
ቆዳም እንደዚያ፣ የወዙ መውጫ ሲደፈን ያብጣል።
እምቦጩን በእጅህ ብትበጥሰው፣ ቁራጩ ተንሳፍፎ
ሌላ ዳር ይበቅላል። ጥፍርም ያው ነው፤ አንዱን ያፈርጣል፣ ጠባሳ አትርፎ።

ጠዋትና ማታ ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፤
አትፈትገው፣ ፊት ድስት አይደለም።
ይቺን ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ ታህል፣
ስስ አድርገህ ለፊትህ ሁሉ፤ ነጥብ ነጥብ አትበል።
ይደርቃል፣ ይላላጣል፤ ከበዛብህ አንድ ቀን እለፍ፣ ግን አትተው።
ቫዝሊኑን ለእግርህ። ለፀሐይ ኮፍያ። ያንን ቀይ ክዳን እዚህ ተወው።
ሦስት ወር ስጠው። ካልተሻለህ፣ ወይ ጠልቆ ካመመህ፣ ና፤
የቆዳ ሐኪም አለ፣ የሚዋጥም አለ፤ መንገዱ አልተዘጋምና።"

የመጀመሪያው ወር ምንም። ልወረውረው ነበር።
የትራሴን ልብስ ቅባቱ አነጣው፤ እናቴ "ምን ነካው?" ብላ ስትመረምር
ሳቅሁ።
በሁለተኛው፣ እጄ ወደ ጉንጬ ሲሄድ፣
በስሜ እገሥጸዋለሁ፤ አፍሮ ወደ ኪሴ እስኪወርድ።
በሦስተኛው፣ ገደፋው ጎማ እየነፋ ቀና ብሎ አየኝና፣
"የኔው ሳሙና ነዋ!" አለ። ማን ይከራከራል ለሳሙና።

የዘገየው ፎቶ። ከዘንባባው ጥግ፣ ጠባብ ስቱዲዮ ቤት፤
ሁለት ልጆች ከኮምፒውተር ፊት፤
ሦስት ጠባሳ፣ አንድ አዲስ ብጉር፣ ስክሪኑን የሞላ የኔ ፊት።
አንዱ "ስም?" አለኝ።
ሌላው "ፊቱን እናጽዳው?" አለኝ።
ለሁለቱም ጥያቄ መልሱን አንድ አደረግሁት፦
"አትንኩት።"