ስረዛ

መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ቆርቆሮ ሥር፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አንዱን ገጽ በሃምሳ ብር።
ነፋሱ ወረቀት ይነጥቃል፤ ድንጋይ ጭኜ እጽፋለሁ፤
የሰውን ብሶት በቁጥር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እላለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰው፣ ባናውን ደርቦ መጣ፤
ከጉያው ፌስታል፣ ከፌስታሉ ደብዳቤ አወጣ።
«ስም?» አልሁት፤ «ወንድይራድ»፤ የሚርደው የራሱ ጣት፤
አልጠየቅሁም፣ ብርድ ይሁን፣ ንዴት ይሁን፣ ወይ ዕድሜ ምናልባት።

ደብዳቤው ሁለት መስመር፣ ማኅተሙ ግን ሙሉ ጨረቃ፤
«የጦር መሣሪያ ፈቃድዎ ተሰርዟል።» አለቀ፣ በቃ።
ለምን፣ በማን ምስክር፣ በየት ችሎት እንደሆን ሳይል፤
ከፊርማው በላይ ነጭ ቦታ፣ ውርጭ የበላው ገብስ ይመስላል።

«ምንሽሩስ?»
«ፖሊስ ጣቢያ፣ እስቶር ገባ፤ ቁጥር ለጠፉበት፤
ከቤት ችካሉ ባዶ ነው፣ ሚስቴ ቅል ሰቀለችበት።
ጅብ አያውቅ ደብዳቤ ማንበብ፤ ሁለት ጠቦት ወሰደ ሌሊት፤
ጎረቤቴ ግን አንብቧል፤ ሰላምታው አነሰ፣ በውነት።»

«ተኩሰሃል?» አልሁት። ዝም አለ። መልስ አልጠበቅሁም፤
ጻፍሁ እንደለመደብኝ፣ «እኔ አመልካች አልተኮስሁም፤
ወሬው የጠላት ነው» ብዬ፣ ሦስተኛ ቁጥር ሰጥቼ፣
አነበብሁለት፣ አሻራ አስረገጥሁት፣ ሃምሳዬን ኪሴ ከትቼ።

የቀጠሮው ቀን ጭጋግ ነበር፤ መስኮቱ ሜዳውን ደብቋል።
የጽሕፈት ቤቱ ሰው ቆሞ፣ «በቀብር ላይ ሦስት ተኩሷል፤
መመሪያው ይከለክላል» አለ። ዳኛዋ ቀና አሉ፤
«አቶ ወንድይራድ፣ ይህን በሚመለከት ምን ይላሉ?»

ካድ፣ ካድ፣ እላለሁ ከኋላ፣ ካግዳሚው ላይ፣ በልቤ፤
ጽፌለት የለም ወይ ክህደቱን፣ አንቀጽ ካንቀጽ አስተሳስቤ!

«ተኩሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሦስት ነው፤ ትክክል ቆጥሯል።
ወንድሜ ጉድጓድ ሲገባ፣ እጄ መች እሺ ይለኛል?
ጥፋት ነው ካላችሁ ጥፋት ነው፤ ቅጣት ካለውም ልቀጣ።
ግን አንድ ቀን ና አልተባልሁም፤ ለምን ብሎኝ ሰው አልመጣ።
ጠመንጃዬን ሰምተዋል፤
እኔን ግን አልሰሙኝም።»

ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። ከደጅ በግ ጮኸ።
ዳኛዋ ገጹን ገለጡ፤ የኔን ገጽ።
«እዚህ፣ ተራ ቁጥር ሦስት፣ አልተኮስሁም ይላል?»
ዞሮ አየኝ። አልከሰሰኝም።
«ሲነበብልኝ ዝም አልሁ» አለ። «የዝምታው ባለቤት እኔ ነኝ።»

አልፈረዱለት፣ አልፈረዱበት። መዝገቡ ይቅረብ ተባለ፣
ምክንያቱም በጽሑፍ፣ ለየካቲት አሥራ ስድስት።

ከአጥሩ ጥግ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ተከትሎኝ መጣና፣
ሃምሳ ብር አስቀመጠ ድንጋዩ ሥር እንደገና።
«አዲስ ጻፍልኝ» አለ፤ «ተኩሻለሁ ብለህ ጀምር።
ያቺን ሦስተኛዋን ግን ሰርዛት፤
ምክንያቱንም ጻፍ ከሥር።»