አብስ

ከካራ ወዲያ ነው፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
እኔ የማድረው፦ ብሎኬት ስጠብቅ፣ ፌሮና ጠጠር፣ የተራረፈ ዕቃ።
የወንድሜ ልጅ ምንታምር፣ ዘንድሮ አስራ አንደኛ፣
ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላቷን አምጥታ ለእኔ ለዘበኛ፣
«ጋሼ፣ ይቺን ቃል እስኪ ባማርኛ!»
ብላኝ ሄደች ማታ።
ባትሪዬን በጥርሴ ይዤ ፈለግኋት በተርታ።

አብስቲምየስ ትላለች።
ከምግብ ከመጠጥ እጁን የሰበሰበ፣ ልኩን ያወቀ ማለት ነች።
ከግርጌዋ በደቃቅ ፊደል የዘር ሐረጓ ሰፍሯል፤
እናት አባቷ ላቲን፣ ውልደቷ ከሁለት ቃል ኖሯል፦
«ቴሜቱም»፣ ብርቱ መጠጥ፣ ራስ የሚያዞር፤
«አብስ»፣ ከዚያ መራቅ፣ በደጁ አለመዞር።

አብስ?
ደግሜ አነበብኳት ባትሪው እስኪደክም ድረስ።
እኔ በማውቀው አማርኛ አብስ ማለት
ጥረግ ነው፤ አፍህን፣ ጢምህን፣ የልጅ ጉንጭ እንባ ካለበት።
አውቃለሁ፣ አይዛመዱም፤ አንዱ የሮም፣ አንዱ የኛ፤
ግን ጆሮ መታወቂያ አይጠይቅም እንደ ዘበኛ።

ከሳይቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣
የእትዬ ብዙነሽ ቤት አለ፣ ጣሳ በእንጨት ላይ ተቸንክሮ።
ጣሳው ጠላ ይላል፤ ጓዳው ግን አረቄ ነው።
ሰባት ወር ሆነኝ ደጃቸውን ካልረገጥኩ።
አልማልኩም። ለታቦት አልተሳልኩ።
አንድ ማታ ብቻ ከዚያ ስወጣ፣ ዝናብ እየመታት
ምንታምር ቆማለች፤ የቤቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ፣ እሷ ያለ እራት።
አልተቆጣችም።
በሻርፗ ጫፍ አፌን አበሰችልኝ፤ አንድም ቃል አላወጣችም።

ሊነጋጋ ሲል ደብተሯ ላይ «ቁጥብ» ብዬ ጻፍኩና
የባንክ ቤት መሰለኝ፤ በላጲስ አበስኩት እንደገና።
«ታቃቢ» አልኩ ደግሞ፤ እውነት ሳይኖረው አይቀርም፣ አቀበት አቀበት ይላል፣
ማታ ማታ መንገዱን ሳልሻገር ስቀር ጉልበቴ እንደዚያ ይዝላል።
እሱንም አበስኩት።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛው ጉተማ መጣ፤ ቁልፍ አስረከብኩ፤
እትዬ ብዙነሽ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እጅ ነሳሁና አለፍኩ።
ምንታምር ደብተሯን ስትገልጥ መልስ የለም፤
የሳሳ ወረቀት፣ የላጲስ ፍርፋሪ፣ ግራጫ የእርሳስ ቀለም።
ትንሽ አየችው፤ ቀና ብላም አፌን አየች።
እርሳሱን ከእጄ ወስዳ አንድ ነገር ጻፈች፤
አላሳየችኝም፣ ከደነች።