ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ

ደብረ ብርሃን ላይ፥ ብርድ ልብስ የሚሸምን ፋብሪካ ቡድን አለው፤
የማሊያው፥ የካልሲው፥ የኳሱ መጋዘን ቁልፉ በእኔ እጅ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ገቢና ወጪውን በመዝገብ ጽፌአለሁ፤
አንዲት መስመር ብቻ፥ ሳልሰርቅ የዋሸሁባት፥ ዛሬ ልንገራችሁ።

ጥቅምት ላይ ነው የመጣው፤
የሸኖ ጉም ሚኒባሱን ከነሰዎቹ ውጦ
በራችን ላይ ሲተፋው፥ ወረደ አንድ አጭር ሰው ክንዱን ገላልጦ።
ሦስት ብርድ ልብስ፥ የሱፍ ጓንት፥ ኮፍያ አዘጋጅቼ ነበር፤
«አጥቂ ነው» ብለውናል፥ «ከደቡብ አሜሪካ፥ ከሙቁ አገር»።
ሳቅ ብሎ ገፋቸው።

ስሙን ስንጠይቀው፥ «ኖርቤርቶ ቾኬ» አለ፤
«ጮቄ? የጎጃሙ?» ብሎ ዘበኛው ሽብሩ ከዱካው ዘለለ፤
ከዚያ ወዲህ ማንም በሌላ አልጠራው፥ ጮቄ ሆኖ ዋለ።

እኛ ብርዳችንን እንደ አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ነው የምናየው፤
እንግዳ ቡድን ሁሉ በሃያኛው ደቂቃ ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ
ያኔ ነው የምንጫነው።
ጮቄ ግን በመጀመሪያው ልምምድ ሜዳውን አሥር ጊዜ ዞሮ፥
ቆመና አየሩን አሸተተ፥ እንደ ጠላ ቀማሽ አንገቱን አዙሮ።
ከዚያ በስልኩ አስተርጓሚ፥ በተሰባበረ አማርኛ፥ አስነበበን አንድ ቃል፦
«እኔ የተወለድኩት ከዚህ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ ቆላ ይባላል።»
ተያየን።
ደጋነታችንን የነጠቀን ሰው አይተን አናውቅም።

የቀረውን ኋላ ነው የሰማሁት፥ ዝናብ ባገተን ማታ፥
ጫማ በምድጃ ስናደርቅ፥ በጣቱ እየቆጠረ የዞረበትን አገር በተርታ።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለባሕር ዳር ቡድን ሸጡት፥ አርጀንቲና፤
«አየሩ ወፍራም ነው፥ እንደ አጥሚት ይጠጣል፥ እግሬ አይበራም» አለና
ጎሎቹን ቆጠረ። ሁለት።
ቆጵሮስ አምስት ዓመት፥ አብዛኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፤
ኩዌት ግማሽ ዓመት፥ ኳስ የሚያቀልጥ ፀሐይ።
ወኪሉ ከመቶ ሃያ ይወስዳል፤ እናቱ ጣራ ትጠብቃለች፤
ሚስት ነበረችው፥ ሊማሶል ላይ፤ ከግብ ጠባቂው ጋር ቀረች።
ይህን ሲናገር ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የደረቀውን ጫማ ገለበጥሁ።
«ሳንባዬን ተራራ ሠርቶት፥ ሁልጊዜ የሚገዛኝ ቆላ!
ይኸው ሠላሳ አራት ሞላኝ፤ ሽቅብ የጠራኝ የለም፥ ከእናንተ ሌላ።»

ያን ዓመት በሜዳችን ዘጠኝ አገባ፤
በግንባር፥ በጉልበት፥ አንዴም ራሱ ከነኳሱ መረብ ውስጥ ገባ።
ግን ጣርማ በርን አልፈን፥ ከዋሻው ወጥተን፥ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፥
ፊቱን አይቼዋለሁ፤ በየጥምዝምዙ ሲያንስ፥ እንደ ጨው ክምር ሲናድ።
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳሷ አላወቀችውም።

ግንቦት ላይ ደሞዝ ቆመ። ሰኔም። ሐምሌም፥ «ይታገሱ» የሚል ወረቀት፤
ፋብሪካው ክር አጣ፤ ክሩ በዶላር፥ ዶላሩ ደግሞ የት?
ጮቄ አልጮኸም።
ሊሄድ ሲል ትጥቁን ቆጠርን፦ መለማመጃ አንድ፥ ቁምጣ ሦስት፥ ካልሲ ሁለት፤
ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ የለም። ከሻንጣው ዚፕ ጥርስ መሐል
ሰማያዊ እጅጌ አየሁ፥ እንደ ተነከሰ ምላስ የቀረች ለምልክት።
ማየቴን እሱም አየ።
ደንቡ ግልጽ ነው፥ ዋጋው ከደሞዙ ይቀነሳል።
ካልተከፈለ ደሞዝ ምን ይቀነሳል?

ሚኒባሱ ጡሩምባ ነፋ፤ የሐምሌ ጉም መንገዱን ዘጋው፤
ያመጣው ጉም ነበር፥ ጉሙ መልሶ ወሰደው ያንን ሰው።
እኔም ገብቼ መዝገቡን ዘረጋሁ፤ ሳልቸኩል፥ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት
«ማሊያ፥ ቁጥር ዘጠኝ፥ አንድ» ካለው ጎን «ተመላሽ» አልሁበት።

ወኪሉ ሌላ ክለብ አግኝቶለታል ሲሉ ሰማሁ፥ ማልዲቭስ የሚባል፤
ከባሕሩ አንድ ክንድ ከፍ ያለ፥ ማዕበል የሚያጥበው አሸዋ ነው ተብሏል።
ሄዶ ይሁን ወይ ቤቱ ገብቶ፥ አላውቅም፤ ስልኩም አይመልስ።
ኦዲተር ቢጠይቀኝ ግን አፌን ሞልቼ እላለሁ፦
መንገድ ላይ ነው፥ ሽቅብ። ይድረስ።